እሳት ያስቀረው ቅጠል

ዛሬ «የቡድሃ ስኒ» እየተባለ የሚሸጠውን የቻይና የሻይ ስኒ አንሥታችሁ ብታገላብጡት፣ የሎተስ አበባ፣ ጥንድ ዓሣ፣ መንኮራኩር ወይም መጨረሻ የሌለው ቋጠሮ ተሥሎበት ታገኛላችሁ። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ፍቺያቸውም የታወቀ ነው። ሎተስ ከጭቃ ወጥቶ ሳይቆሽሽ ስለሚያብብ የንጽሕና ምልክት ሆኗል፤ መንኮራኩሩም የቡድሃ ትምህርት ነው። የቡድሂዝምን ሐሳብ ከሁሉ አብልጦ የተሸከመው ስኒ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ጥቁር ነው፤ ውስጡ የአንድ ቅጠል ምስል ብቻ ይታያል።

ይህ አፈ ሰፊ ስኒ የተሠራው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279)፣ በደቡባዊ ቻይና ጂያንግሺ ግዛት በነበሩት የጂጆ ምድጃዎች ነው። ሠሪው እውነተኛ ቅጠል ያዘጋጅና ጥቁር ቅብ በተቀባው ስኒ ውስጥ ያነጥፈዋል። ቅጠሉ ገና ሙቀቱ ሳይበረታ ይነዳል፤ አመዱ ግን ከቦታው አይነሣም። ምድጃው ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ አመዱ ከቀለጠው ቅብ ጋር ይዋሐድና ቢጫማ ምስል ይወጣል። በኦሳካ የምሥራቃውያን ሴራሚክስ ሙዚየም ያለውን ዝነኛ ስኒ ለሚያይ ሰው የቅጠሉ ጅማቶች ሳይቀሩ ይለያሉ። ብዙ ሻጮች ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ የበራለት ዛፍ ቅጠል ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ግን የሐር ትል ወደምትመገበው የእንጆሪ ዛፍ ያደላሉ። ለእኔ ይህ ስኒውን አያሳንሰውም። ሁሉም ነገር አላፊ ነው የሚል ትምህርት የተቀደሰ ዛፍ አያስፈልገውም፤ የትኛውም ቅጠል ይበቃዋል።

የተሣለ ሎተስ ስለ አላፊነት ይናገራል። እዚህ ግን ያለፈ ነገር አለ፤ የምናየውም ማለፉን ነው።

ሠሪው ገበያውን እንጂ ፍልስፍናን አላሰበም የሚል ይኖራል። እነዚያው ምድጃዎች በተቆረጠ ወረቀት ቅርጽ የአበባና የወፍ ምስል፣ የሀብትና የዕድሜ ምኞት ጽሑፍም በስኒ ላይ ያወጡ ነበር። እንግዲህ መልካም ምኞት ለሚፈልግ ገዢ የሚሸጥ ነገር አላጡም። ሻይም ያኔ ከገዳም ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የቻን ቡድሂዝም መነኮሳት በተመስጦ ሰዓት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡታል፤ በ1103 የተጠናቀረው የገዳማቸው ሥርዓት መጽሐፍም የሻይ መስተንግዶን ደንብ በዝርዝር ይዟል። የሠሪውን ልብ ማንበብ አንችልም፤ ጠጪው ግን ቅጠሉን እንዲህ ማንበብ የሚያስችል ትምህርት ነበረው።

አጠጣጡም ያግዛል። ያኔ የተፈጨ ሻይ በሙቅ ውሃ ይመታና ነጭ አረፋ ያወጣል። ጻይ ሺያንግ የተባለ ጸሓፊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሻይ ሲጽፍ ጥቁር ስኒን የመረጠው ነጩ ሻይ እንዲጎላ ነው። በቅጠሉ ስኒ ውስጥ እንግዲህ አረፋው ምስሉን ይሸፍነዋል፤ ጠጪው እያጋመሰ ሲሄድ ብቻ ቅጠሉ ብቅ ይላል።

በ1391 የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሥ ሆንግዉ፣ በጠፍጣፋ ቂጣ መልክ ተጠቅጥቆ ይቀርብ የነበረውን የሻይ ግብር አስቀረ። የተዘፈዘፈ ቅጠል ሻይ ሲነግሥ የጥቁር ስኒ ዘመን አከተመ፤ የጂንግደዠን ከተማ ነጭ ፖርሴሊን ተተካ። በሚንግና ከእሱ በፊት በነበረው በዩዋን ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥታት የቲቤት ቡድሂዝም ይከበር ስለነበር፣ ሎተስና መንኮራኩር ያሉባቸው ስምንቱ የመልካም ዕድል ምልክቶች በዚህ ነጭ ገላ ላይ ሰፊ ቦታ አገኙ። ይህን ሙያ አላንቋሽሽም፤ ባልተተኮሰ ሸክላ ላይ በኮባልት የሚሥል ሰው ብሩሹ ካረፈ በኋላ መመለሻ የለውም፣ ጭቃው ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል። የሚያሳዝነኝ ያ እጅ በፋብሪካ ተለጣፊ ሥዕል ሲተካ ምልክቱ ብቻ ቀርቶ «የቡድሃ ስኒ» በሚል ቅዱስ ስም መሸጡ ነው።

የቅጠል ስኒ ዛሬም በቻይና እንደገና ይሠራል። ሠሪው ቅጠሉን ይመርጣል፣ ያነጥፋል፣ ምድጃውን ይዘጋል። ቅቡ አብዝቶ ከፈሰሰ ምስሉ ይበላሻል፤ ቢሳካም ያው ቅጠል ሁለተኛ ስኒ አያወጣም።