አውራ ዶሮ ብትሆን ኖሮ ክስህ ይሰማ ነበር

ሦስተኛ ሴት ልጇን የተገላገለች እናት ቤት ገብተህ ታውቃለህ? ገንፎው ተገንፍቷል፤ ቡናው ተፈልቷል፤ የጠያቂው ድምፅ ግን ዝቅ ብሏል። «አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወንድ ይሆናል» ይሏታል። ጤነኛ ልጅ ለወለደች ሴት «አይዞሽ» ምን ማለት ነው? የሞተባት አለን? ባልየውም ለጓደኞቹ «ማህፀኗ ሴት ብቻ ነው የሚይዘው» ይላል። ሰንበትበት ሲልም «ወንድ የምትወልድልኝ» እያለ ሌላ ሚስት ማፈላለግ ይጀምራል።

ይህን ክስ በስሜት ሳይሆን በማስረጃ እንመርምረው። ለምርመራውም ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በጓሮህ መሬት የምትጭረው ዶሮ ትበቃናለች።

በሕያዋን ህዋስ ውስጥ የዘር መልእክት የተጻፈባቸው እንደ ክር ያሉ ነገሮች አሉ፤ ክሮሞሶም ይባላሉ። የሰው ልጅ 46 ሲኖሩት ዶሮ 78 አሏት። ከዶሮዋ ክሮሞሶሞች አብዛኞቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንኳ ነጥብ የሚመስሉ ጥቃቅኖች ናቸው። በትንሽነታቸው ለረጅም ጊዜ ከቁጥር ሳይገቡ ኖረዋል። ነገር ግን የዶሮ የዘር መልእክት ተነብቦ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም፣ እነዚያ የተናቁት ጥቃቅኖች ከትላልቆቹ ይልቅ በጂን የታጨቁ መሆናቸው ተረጋገጠ። አስተውል! መጠን አይቶ የሚንቅ ሰው እንዲህ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ከዶሮ ክሮሞሶሞች መካከል ጾታን የሚወስኑት ዜድ እና ደብሊው የተባሉት ናቸው። አውራ ዶሮ ሁለት ዜድ አለው፤ ሴቷ ግን አንድ ዜድና አንድ ደብሊው አላት። ስለዚህ አውራው የሚያዋጣው ሁልጊዜ ዜድ ብቻ ነው። የሴቷ እንቁላል ግን ወይ ዜድ ወይ ደብሊው ይይዛል። ዜድ ከያዘ አውራ፣ ደብሊው ከያዘ እናት ዶሮ ይፈለፈላል። እንግዲህ በአእዋፍ ዓለም የጫጩቱ ጾታ የሚለየው በእናቲቱ በኩል ነው።

በሰው ልጅ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንዱ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት የምታዋጣው ሁልጊዜ ኤክስ ነው። ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የአባት ዘር ነው። ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በአንዲት ጥንዚዛ ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ጾታ የሚለየው የወንዱ ዘር በያዘው ክሮሞሶም መሆኑን ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ክሱ ግን ዛሬም በየቤታችን ይሰማል!

ወንድሜ ሆይ! ጤፍ ዘርቶ «ስንዴ አላበቀልሽም» ብሎ መሬቱን የሚከስ ገበሬ ብታይ ምን ትለዋለህ? አውራ ዶሮ ብትሆን ኖሮ ክስህ ቢያንስ ሰሚ ያገኝ ነበር። አንተ ግን ሰው ነህ። ሌላ ሚስት ብታገባም ይዘኸው የምትሄደው ያንኑ ዘር ነው።

«በፍጥረት ሁሉ የእናት ነገር ነው» የሚል ቢመጣም መልስ አለን። የፍጥረት ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። የአዞ ጾታ በክሮሞሶም አይለይም፤ እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት እንጂ። በሰጎን ሁለቱ የጾታ ክሮሞሶሞች ዛሬም እጅግ ይመሳሰላሉ፤ በዶሮ ግን ደብሊው አብዛኞቹን ጂኖች አጥቶ አንሷል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ሁለቱም በጥንት ዘመን እኩል ጥንድ ነበሩ። የእኛ ኤክስና ዋይም ከሌላ ጥንድ ለብቻቸው የመጡ ናቸው። ስለዚህ የዶሮን ሕግ በሚስትህ ላይ ልትፈርድበት አትችልም።

ይሁን እንጂ ክሱን ከእናት አንስተን በአባት ላይ እንድንጭነው አልጻፍንም። ገበሬው እንኳ ዘሩን መርጦ ይዘራል፤ አባት ግን ኤክስን ወይም ዋይን አይመርጥም። ሁለቱም በግምት እኩል ናቸው። ሦስት ልጆች ከወለዱ ስምንት ቤቶች መካከል በአማካይ በአንዱ ሦስቱም ሴቶች ይሆናሉ። ይህ እርግማን አይደለም፤ ድግምትም አይደለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። አራተኛው ፅንስ ሲመጣም ዕድሉ እንደ መጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ነው።

ደግሞስ ጥፋት የሚባለው ምኑ ነው? ሴት ልጅ ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረውን የጃሂሊያ ሰው ቁርኣን እንደወቀሰው ሁላችንም እናውቃለን። ወንድንም ሴትንም የሚሰጠው አላህ መሆኑን እናምናለን። እንዲህ እያመንን ተቀባይቱን መክሰስ በማን ላይ ማጉረምረም ነው? የዘመኑ እውቀት ሳይመጣ በፊትም ክሱ መሠረት አልነበረውም፤ አሁንማ ማመካኛ እንኳ አጥቷል።

እህቴ ሆይ! «ወንድ መውለድ አልቻልሽም» ለሚልሽ ይህን ጽሑፍ አንብቢለት። አማት የሆናችሁ እናቶች፣ በምራታችሁ አልጋ አጠገብ ስትቀመጡ «አይዞሽ» የሚለውን ቃል ለታመመች አቆዩት። አንተም ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ ሦስተኛ ልጅህን አንሥተህ እቀፋት። እናቷንም ይቅርታ ጠይቃት፤ ያለ ጥፋቷ ስትከሰስ ከርማለችና።