ሕግና ንግድ በአንድ ራስ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው መለስ ብሎ ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪ ልጨምርበት ወይስ ይብቃኝ እያለ የሚያመነታ ወጣት በነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ቆሞ ይገኛል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ ያልቈየሁ ስለ ሆነ ጥያቄው በጓደኞቼ መካከል ሲነሣና ሲጣል እሰማለሁ። ስለዚህ የበኩሌን አስተያየት ለማቅረብ ወደድሁ።

ሁለቱን ትምህርቶች አጣምሮ መማር በሰፊው የተለመደው በአሜሪካ ነው። እዚያ የሕግ ትምህርት የሚጀመረው የመጀመሪያው ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ለየብቻ አምስት ዓመት የሚፈጁትን አጣምሮ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ4 ዓመት ይጨርሳል። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ጥምር ትምህርት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ነው። እንግዲህ አንዱ ትልቅ ጥቅሙ አንድ ዓመት ማትረፉ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ የሚሆነው ሁለቱንም እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው። ሕግ ብቻ ለሚበቃው ግን አንድ ዓመት መጨመር ይሆንበታል።

ባገራችን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ሁለተኛውን የሚሻ ሰው ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ይመዘገባል። በዚህም ላይ ደመወዙን የሚጠብቁ ወላጆች፣ ደብተር የሚሹ ታናናሾች አሉ። የወጣቱ ዓመት የርሱ ብቻ አይደለም።

ይህን ስል ሁለቱ ዕውቀቶች ተለያይተው ይኑሩ ማለቴ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የያዛቸው ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቀደ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። ባለአክሲዮኖች «የትርፍ ድርሻችን ተጓደለብን» ብለው ቢከሱ፣ ጠበቃው አንቀጹን በቃሉ ቢወጣው እንኳ የማኅበሩን የሀብትና የዕዳ መግለጫ ማንበብ ካልቻለ ክርክሩን በሒሳብ ዐዋቂው አፍ ይናገራል። ሥራ አስኪያጁም የፈረመው ውል የሚያስከትለውን ካላወቀ ያተረፈው ገንዘብ በፍርድ ቤት ደጅ ያልቃል።

ነገር ግን ዕውቀትና ዲግሪ አንድ አይደሉም። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የሚያስብ ሰው ሕጉን ቢያጠልቅና ሒሳብ ማንበብን በአጭር ትምህርት ቢጨምር ይበቃዋል። የንግድ ድርጅት ለመምራት የሚያስብም አመራሩን ተምሮ ለሕጉ ጉዳይ ጠበቃ ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለቱ ዲግሪዎች የሚያስፈልጉት ሕግና ሒሳብ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚገናኙበት ሥራ ነው፤ ይኸውም በባንክ፣ በግብር፣ በካፒታል ገበያ ቁጥጥርና ማኅበሮችን ከኪሣራ በማዳን በመሳሰለው ነው። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያው ዲግሪ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ቢማር ይመረጣል። ሰውም ገንዘብም ሳያስተዳድሩ አስተዳደርን መማር በወንዝ ዳር ቆሞ ዋና እንደ መማር ነው።

ብዙዎቻችን ወደ ሁለተኛው ዲግሪ የምንሮጠው ፈልገነው ሳይሆን የመጀመሪያው እንጀራ አይሰጠንም ብለን ፈርተን ነው። ሥራ የማጣት ስጋት እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ዓላማ የሌለው ዲግሪ ስጋቱን በሁለት ዓመት ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለቱንም ዲግሪ የሚጠይቀውን ሥራ በስሙ በወረቀት ጻፉት። በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልጋችሁም ቀኑን በምን እንደሚያውል ጠይቁት። ወረቀቱ ባዶ የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ ለታናሽ ወንድም ደብተር መግዣ ቢውል ይሻላል።