በአሮጌ ካሚዮኖች መካከል የሞተርን የአየር በር ስለ መለዋወጥ

በዚህ መጽሔት ዘወትር የሚጻፈው ስለ ዘር፥ ስለ ከብትና ስለ መስኖ ነውና ዛሬ ስለ ብረት ብጽፍ ክቡራን አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች እንዳይታዘቡኝ እለምናለሁ። ነገር ግን ዘሩ ከመጋዘን ወጥቶ ከማሳው የሚደርሰው በካሚዮን ነው፤ ካሚዮኑም ከመንገድ የቀረ እንደ ሆነ ዝናሙ ቆሞ አይጠብቀውም።

ካቻምና በሚያዝያ ወር ከከዚራ የማሽላ ዘር ጭኖ ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚወጣ አንድ አሮጌ የቤንዚን ካሚዮን ነበረ። ካርቡራቶሩ ስላረጀ፥ ከሌላ የቆመ አሮጌ ካሚዮን ተፈትቶ ሌላ ተገጠመለት። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ልክ ነበረ፤ ሞተሩም በከዚራ ጥላ ሥር ሲያስነሡት መልካም ድምፅ ሰጠ። የነዳጅ መስጫው ዘንግ ግን በተቃራኒው ወገን ስለ ነበረ በሽቦ አሰሩት። ከደንገጎ ዳገት ሲደርስ ጥቍር ጭስ እየተፋ ደከመ፤ ሾፌሩም እግሩን አጥብቆ በረገጠ ጊዜ ሽቦው ተቈላልፎ የአየሩ በር እንደ ተከፈተ ቀረ። ሞተሩ ሲጮህ ሾፌሩ ቍልፉን አጠፋ፤ ካሚዮኑም ወደ ኋላ ሲንሸራተት ረዳቱ ዘልሎ ወርዶ ታኮ አደረገበት። ሰው አልሞተም። ዘሩ ከባለቤቶቹ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ዝናም ግን አልፎ ነበር።

የመለዋወጫውን መጠየቂያ ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። በወረቀቱም ላይ «ለአሮጌ ካሚዮን የሚሆን ካርቡራቶር፥ አንድ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልነበረበትም። ስለዚህ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ብቻ ለመጣል አፌ አይደፍርም።

ይህች ዕቃ ምን እንደ ሆነች ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። የቤንዚን ሞተር አየርን ይስባል፤ አየሩም በአንዲት ክብ ጕሮሮ ያልፋል። በጕሮሮዋ ውስጥ በዘንግ ላይ የምትዞር ክብ ሰሌዳ አለች፤ ኢጣሊያኖች ፋርፋላ፥ ይኸውም ቢራቢሮ ይሏታል። ሾፌሩ ሲረግጥ ትከፈታለች፥ ሲለቅ ትዘጋለች። በአሮጌው ዓይነት ይህች በር ከካርቡራቶሩ በታች ተያይዛ ትገኛለች፤ ቤንዚን በመርፌ በሚረጭባቸው በኋለኞቹ ሞተሮች ግን ለብቻዋ ናት፥ መካኒኮችም ትሮትል ቦዲ ይሏታል።

አንዳንድ ሰዎች አሮጌን ከአሮጌ መለዋወጥ ፈጽሞ ይከልከል ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ፋብሪካው መሥራት ላቆመው ሞተር አዲስ ዕቃ ይግዛ ማለት ካሚዮኑ ይጣል ማለት ነውና። ደግሞም መለዋወጥ በራሱ ነውር አይደለም። ፎርድ በ1924 ዓ.ም. ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ካወጣ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት ስትሮምበርግ 97 እና ሆሊ 94 የሚባሉ ሁለት ካርቡራቶሮች በዚያ ሞተር ላይ ሠርተዋል። ሁለቱም ባለ ሁለት ጕሮሮ ናቸው፥ ሁለቱም በሦስት ቡሎን ይታሰራሉ፤ ቍጥራቸውም የጕሮሮውን የጠበበ ወገብ በኢንች መቶኛ የሚያመለክት ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፥ ይሠራልም።

ይሁን እንጂ በዚህም መንታዎች በሚመስሉት መካከል የተሰወረ ነገር አለ። ሞተሩ ሲከብደው ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጠው መክፈቻ በ97ቱ ላይ በዘንግ የሚገፋ ነው፤ በ94ቱ ላይ ግን በሞተሩ የአየር ስበት የሚታዘዝ ነው። ስበቱ ደግሞ በደጋ ይደክማል። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ደንገጎ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በእያንዳንዱ አንድ ሺሕ ሜትር አየሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይሳሳል። እንግዲህ በከዚራ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደንገጎ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቍሩም ጭስ ከዚህ የመጣ ነው። በቅኔ ቤት እንደ ተማርነው ቢሆን፥ የቡሎኑ ቀዳዳ ሰሙ ነው፤ ወርቁ በውስጥ ነው።

ስምም ብዙ ያሳስታል። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት አሮጌ መኪናዎች ጐን ለጐን ቢቆሙ፥ አንዱ 3.9 ሊትር የሆነው «ኤፍ» ሞተር፥ ሁለተኛው 4.2 ሊትር የሆነው «2ኤፍ» ሞተር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው፤ የሚስቡት አየር ግን እኩል አይደለም። «ለላንድ ክሩዘር» ብሎ የጻፈ ጸሓፊ ምንም አልጻፈም።

ከዚራ ያለ ሰው ይህን ነገር ከደጁ ሊማረው ይችላል። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በደረሰ ጊዜ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበረ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊሜትር ነው። የአሮጌው ባቡር ጋሪ በአዲሱ ሐዲድ እንደማይሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል፥ በዓይኑ ያየዋልና። የካርቡራቶር ስሕተት የሚመጣው ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ሲሆን፥ ዓይንም ሲታለል ነው። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመንገዳችን ሲመላለሱ ቡሎንን፥ ካምቢዮንና ፍሪሲዮንን የሚሉትን ቃላት ትተውልን ሄዱ፤ ቃሉን እንደ ወረስን መለኪያውንም ብንወርስ ምንኛ በበጀን!

ስለ ናፍጣ ሞተር የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ በመንገዳችን የሚበዛው አይሱዙ በናፍጣ የሚሄድ ነውና። አብዛኞቹ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች እንዲህ ያለ የአየር በር የላቸውም፤ ኃይላቸውን የሚወስነው ፓምፑ ነው። ነገር ግን ከእንግሊዝና ከጃፓን አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች አንዳንዶቹ ቢራቢሮ ያለበት ጕሮሮ አላቸው፤ ከዚያም አንዲት ቀጭን ቧንቧ ወጥታ በፓምፑ ጀርባ ወዳለ ስስ ሽፋን ትሄዳለች። ሽፋኑን ወደ ብዙ ናፍጣ የሚገፋው ሞላ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው የአየሩ ስበት ነው። ስለዚህ ሰፊ ጕሮሮ የተገጠመ ወይም ቧንቧዋ የተሰነጠቀች እንደ ሆነ፥ ስበቱ ይጠፋል፤ ሞላውም ያለ ከልካይ ይገፋል፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ፈጥኖ ራሱን ይሰብራል። ቍልፍ በማጥፋትም አይቆምም፥ የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ አይፈልግምና። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ በግምት መለዋወጥ ቢከለከል እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ።

ለሌሎቹ ግን የምለምነው የወረቀት ነገር ነው። መለዋወጫ የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት የካሚዮኑን ስም ብቻ ጽፎ አይላክ። የሞተሩን ዓይነትና ቍጥር፥ በቡሎኖቹ መካከል ያለውን ርቀት፥ የጕሮሮውን ስፋት በሚሊሜትር፥ ዘንጉ በግራ ወይም በቀኝ መሆኑን ይጻፍ። ካሊፐር የሌለው መካኒክ በከዚራ አይገኝም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አይገኝም። የቢራቢሮዋ ዘንግ በቦታዋ የላላች እንደ ሆነ ደግሞ ልኩ ቢገጥምም አየር ታሾልካለችና እርሱንም በጣት ነክቶ መመልከት ነው።

ሌላም አለ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ጎማቸው የወለቀ፥ ዶሮ የሚያድርባቸው አሮጌ ካሚዮኖች ቆመው ይታያሉ። በሐራጅ ሲሸጡ የሚገዛቸው ብዙ ጊዜ በሚዛን ብረት የሚገዛ ሰው ነው። ከሐራጁ በፊት አንድ መካኒክ ለአንድ ቀን ቢመጣና ካርቡራቶሩን፥ ዲናሞውንና ፓምፑን ለክቶ ቢመዘግብ፥ የሌላው ወረዳ ሹም የሚፈልገው ዕቃ ከጎረቤቱ ግቢ እንዳለ ያውቃል። አበሉ የአንድ ቀን ነው፤ በደንገጎ ላይ የዋለው ዘር ግን ዘጠኝ ቀን ውሏል።

ከዚያ ካሚዮን የወጣውን አሮጌ ጋርኒሲዮን መካኒኩ ሰጥቶኝ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ መጠየቂያ ወረቀት ሲመጣልኝ፥ ልኩ ስላልተጻፈበት ወደ መጣበት መለስሁት። በሦስተኛው ቀን ሚሊሜትሩ ተጽፎበት፥ የጕሮሮውም ቅርጽ በእርሳስ ተሥሎበት ተመለሰልኝ።