ርእሰ አንቀጽ፦ በላቦራቶሪ ስለሚሠራው የበረዶ ምድር

በሳይቤሪያ፥ በአላስካና በሰሜን ካናዳ ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ፥ በረዶ የጋገረው መሬት አለ። በዚህ መሬት ውስጥና ከሥሩ፥ በአንዳንድ ስፍራ፥ ሚቴን የተባለው ጋዝ ከውሃ ጋር ተያይዞ ጠጣር ሆኖ ይገኛል፤ ስሙም ሃይድሬት ነው። ለዐይን ከተራ በረዶ አይለይም፤ እሳት ቢያስጠጉት ግን ይነዳል። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሬት ሲፈርስ 160 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ነዳጅ የሚሻ መንግሥት ዐይኑን ቢጥልበት አያስደንቅም።

ችግሩ አወጣጡ ላይ ነው። ሃይድሬት የሚጸናው በብርድና በግፊት ነው፤ በዜሮ ዲግሪ እንኳ ሳይፈርስ ለመቆየት 26 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይፈልጋል። የመሰርሰሪያው ጭቃ ሞቅ ካለ፥ ቧንቧውን የሚያጣብቀው ሲሚንቶም ሲጠነክር ሙቀት ስለሚሰጥ፥ በዙሪያው ያለው በረዶ ሊቀልጥ፥ መሬቱ ሊሰምጥ፥ ቧንቧው ሊጣመም ይችላል፤ ጋዙም ያልታሰበ መንገድ ያገኛል። ያመለጠ ሚቴን ደግሞ ምድርን በማሞቅ ረገድ፥ ሚዛን ለሚዛን፥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን አስቀድሞ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ማየት ይሻላል።

አሠራሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። በወፍራም የብረት በርሜል አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በልክ ይርሳል፤ ሚቴን በግፊት ይገባበታል፤ በርሜሉም በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይከበባል። ከዚያ በኋላ ቀናት፥ አንዳንዴም ሳምንታት መጠበቅ ነው። የጋገረውን መሬት ለማስመሰል ሲፈለግ ብርዱን እንደ ተፈጥሮ ከላይ ወደ ታች መስደድ ያስፈልጋል፤ ከየጎኑ ባንድ ጊዜ ቢያበርዱት በመካከል የተዘጋው ውሃ ሲረጋ ያብጥና ናሙናውን ይሰነጥቀዋል።

በጀርመን አገር በፖትስዳም 425 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ተሠርቶ፥ በካናዳ ማሊክ በተባለው ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የተደረገው ጋዝ የማውጣት ሙከራ በላቦራቶሪ እንዲደገም ሆኗል። ይህ የሚያስመስለው የጋገረውን መሬት ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የሃይድሬት ንብርብር ነው። በማሊክ በ2007 ፓምፑ ከተነሣ ብዙ ሳይቆይ ከጉድጓዱ የገባው አሸዋ ሥራውን አስቁሞት ነበር፤ በዓመቱ አሸዋ የሚያግድ ወንፊት ገብቶ ስድስት ቀን ያህል ጋዝ ወጣ።

እኛን ከሁሉ የማረከን ግን ሌላ ነገር ነው። እርጥብ አሸዋ ላይ ጋዝ ቢለቁ ሃይድሬቱ ፍሬዎቹ በሚነካኩበት ቦታ እየተሠራ እንደ ሲሚንቶ ያጣብቃቸዋል፤ ናሙናው ደንዳና ይሆናል። በተፈጥሮ በብዙ ቦታ የተገኘው ግን በውሃ ውስጥ ከሟሟ ጋዝ ቀስ ብሎ በፍሬዎቹ መካከል ያደገ ነው፤ እንደዚያ አያጣብቅም። አሸዋው አንድ፥ ብርዱ አንድ፥ የሃይድሬቱ መጠን አንድ ሆኖ ሳለ ጥንካሬው ይለያያል! በደንዳናው ናሙና ብቻ ሒሳቡን የሠራ መሐንዲስ ጉድጓዱ አይደረመስም ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ቁጥሩን ከማስቀመጡ በፊት ናሙናው እንዴት እንደ ተሠራ ይጽፋል።

«አገራችን እንዲህ ያለ መሬት የላትም፤ ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መሬቱስ የለንም፤ የላቦራቶሪ ሪፖርት ግን በየሳምንቱ እንጽፋለን። ከመጽሐፉ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ንባብ መፈልሰፍ በተማሪ ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ማርኩ ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ እስከ ተሰጠ ድረስም የሚቀር አይመስለንም። አስተማሪዎቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ ከሪፖርቱ ማርክ እኩሌታው ናሙናው እንዴት እንደ ተዘጋጀና ምን እንዳልተሳካ ለሚገልጸው ክፍል ይሰጥ። ከመጽሐፉ የራቀ ውጤት ያመጣ ተማሪም፥ አሠራሩን በግልጽ እስከ ጻፈ ድረስ፥ በዚያ ብቻ ማርክ አይጉደልበት።