ልጆች ይዞ እሳተ ገሞራ ላይ መንዳት ቅብጠት ነው ወይ?

ባለፈው ክረምት ከአይስላንድ የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች ሰሞኑን እንደገና ቆፍራችሁ አውጥታችኋቸዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ኅዳር 14 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ከፈነዳ ወዲህ ስለ እሳተ ገሞራ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ከኮሜንቶቹ መካከል ግን አንዱ ቆንጠጥ አደረገኝ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው፦ «መምህር፣ ሁለት ሕፃናት ይዞ እሳት በሚተፋ ደሴት ላይ መኪና መንዳት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» ሃያ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎለታል። ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም የምር ነው፤ እኔም የምር ልመልስ። አጭሩ መልስ ቅብጠት አይደለም የሚል ነው። ረጅሙን ትዕግሥት ያለው ያንብብ።

ለማታውቁ፦ ታላቅ እህቴ የምትኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። በ2017 ክረምት በግብዣዋ ሄድኩ። አይስላንድ ሼንገን ውስጥ ስላለች ሌላ ቪዛ አላስፈለገኝም። እህቴ፣ ባለቤቷ፣ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ልጃቸው፣ እኔ፤ አምስት ሰው በአንድ የኪራይ መኪና ለዘጠኝ ቀን። ወጪው የእነሱ ነው፣ እኔ ካርታ አንባቢ ነበርኩ። (የጂኦግራፊ መምህር ለሌላ ለምን ይሆናል ብሎ የመደበኝ የእህቴ ባል ነው።)

አይስላንድ 103,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከአማራ ክልል ታንሳለች። ሕዝቧ 400,000 አይሞላም፣ አብዛኛው ዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክና ዙሪያዋ ነው ያለው። ባቡር የሚባል ነገር የለም። ሀገሩን የሚዞር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አንድ ቀለበት መንገድ አለ። ቀለበት መንገድ ስላችሁ የአዲስ አበባው እንዳይመጣባችሁ፤ ይሄኛው ላይ ሰው ሳታዩ፣ በግ ብቻ እያያችሁ አንድ ሰዓት ልትነዱ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ማቆሚያችን ሲንግቬትሊር ነበር። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ930 ፓርላማ ያቋቋመበት ሜዳ ነው፤ እኔን የወሰደኝ ግን ምድሩ ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩሬዢያ ፕሌቶች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ መሬቱን ሰንጥቀውታል። ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሬ «ሚድ አትላንቲክ ሪጅ» ስል የኖርኩት ነገር ግራና ቀኜ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። የእህቴ ልጅ አንድ ስንጥቅ ላይ እግሩን ዘርግቶ «አጎቴ፣ አንድ እግሬ አሜሪካ ነው!» አለኝ። የለም፣ ይሄ ለፎቶ የሚባል ነው፤ ሸለቆው ራሱ ኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። ተከፋብኝ። መምህር መሆን አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። በዚያ ሀገር ልጅ ይዞ የሚነዳን ሰው የሚገድለው ምንድን ነው? ከእሳቱ በፊት ብዙ ነገር አለ። ንፋሱ የመኪና በር ገንጥሎ ይወስዳል፤ አከራዩ መጀመሪያ የነገረን «በር ስትከፍቱ በሁለት እጅ ያዙ» ብሎ ነው። አስፋልቱ ሳይታሰብ ያልቅና ፒስታ ይሆናል። ድልድዮቹ ብዙዎቹ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቁ ናቸው፣ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ወደ መሐል ሀገር የሚገቡት ተራራማ መንገዶች ደግሞ ለተራ መኪና የተከለከሉ ናቸው። ይሄ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ ስልክ ላይ አለ። መንገድ ሲዘጋ ካርታው ላይ ወዲያው ቀይ ይሆናል። ያን የሚያነብ ሰው ብዙም የሚያሰጋው ነገር የለም።

ሦስተኛው ቀን ቪክ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው ሬይኒስፊያራ የባሕር ዳርቻ ደረስን። አሸዋው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ገደሉ ባለ ስድስት ጎን የባዛልት ዓምድ ተደርድሮ ሰው የጠረበው ይመስላል። በጣም ያምራል፣ አልዋሽም። ባሕሩ አምስት ስድስት ጊዜ ለስለስ ብሎ ይመጣና ይመለሳል፣ ሰው ይለምደዋል። ከዚያ አንዱ ማዕበል ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ይመጣል፤ ሲመለስ ከእግርህ ሥር አሸዋውን ይዞ፣ አንተንም ይዞ ነው። መግቢያው ላይ እንደ ትራፊክ መብራት ቀለሙን የሚቀያይር ሰሌዳ አለ። የዚያን ቀን ቀይ ነበር። ቀይ ማለት ከሰሌዳው አትለፍ ማለት ነው።

ሰዉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቀዩን መብራት ፎቶ አንስቶ ያልፋል። የእህቴ ባልም «አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከጫፉ፣ ሁሉም ሰው እዚያ አይደል እንዴ» አለ። እህቴ መልስ አልሰጠችውም። የሁለቱን ልጆች እጅ ይዛ ወደ መኪናው ተመለሰች። እስከ ማታ ድረስ መኪናው ውስጥ ወሬ አልነበረም፤ ልጆቹ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ዝም አሉ።

ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 26፣ ከቤተሰቧ ጋር ለጉብኝት የመጣች የ9 ዓመት ጀርመናዊት ልጅ እዚያው ዳርቻ ላይ ማዕበል ወስዷት ሞተች። ዜናውን በቴሌግራም የላከልኝ የእህቴ ባል ነው። ሊንኩን ብቻ። ምንም ቃል አልጨመረበትም።

እሳቱንስ? እሱም አልቀረም። ሐምሌ 9 ጠዋት ሰሜን ውስጥ ሚቫትን ሐይቅ አጠገብ ነበርን። እናቴ ከደሴ ደወለች፣ ድምፅዋ ተለውጧል፦ «እሳት ወጣ አሉ! የት ናችሁ? ልጆቹስ?» እውነትም ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምዕራቡ ጫፍ፣ ግሪንዳቪክ ከተማ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ ላቫ መፍሰስ ጀምሯል። እኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀናል። ቁርስ የምታቀርብልን ሴት ስልኳን አየት አደረገችና «አዎ፣ ደግሞ ጀመረ» ብላ ቡና ቀዳችልን። አውሮፕላን ማረፊያው አልተዘጋም። ግሪንዳቪክ የነበሩ ነዋሪዎችና ቱሪስቶች ግን እሳቱ ሳይወጣ በፊት ወጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሴትዮዋ የቀዳችው ቡና የድፍረት እንዳይመስላችሁ። መሬቱ ውስጥ ቅልጥ ዓለት ሲጠራቀም ላዩ በሴንቲ ሜትር ያብጣል፤ እሱን የሚለካ መሣሪያ አለ። ሲሰነጠቅ ትንንሽ ርዕደ መሬት ይከታተላል፤ እሱም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ምልክቱ ሲበረታ የግሪንዳቪክን ወደ 3,800 የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ ሌሊት አስወጡት። እሳቱ ግን ያን ሌሊት አልወጣም፣ በማግስቱም አልወጣም። የወጣው ዲሴምበር 18 ነው። አስቡት፤ ከአምስት ሳምንት በላይ ሰው ቤቱን ዘግቶ ከዘመድ ቤት ተቀምጦ «ታዲያ የታለ እሳቱ?» ሲል። እዚያ ጊዜ ላይ ትዕግሥቱ ያለቀ ሕዝብ በሚቀጥለው ጥሪ አይወጣም። እነሱ ወጡ። በጃንዋሪ 2024 ላቫ ገብቶ ሦስት ቤት ሲያቃጥል ቤቶቹ ውስጥ ሰው አልነበረም።

ደቡቡን ስትነዱ የዚህኑ ልምድ ሌላ ምስክር መንገድ ዳር ታገኛላችሁ። እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ትልቅ የድልድይ ብረት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቫትናዮኩል ከሚባለው ግዙፍ የበረዶ ግግር ሥር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በረዶውን አቀለጠው። ውኃው ከበረዶው ሥር አንድ ወር ያህል ተጠራቀመና ኖቬምበር 5 ቀን በአንዴ ወጣ። ቤት የሚያካክል በረዶ ይዞ ድልድይ ጠርጎ ሄደ። እንደሚመጣ ስለታወቀ መንገዱ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር፤ አንድ ሰው አልሞተም። የእህቴ ልጅ ብረቱን ነካ አድርጎ «ይሄን ውኃ ነው ያጠመመው?» አለ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብናገር ያንን አላስተምረውም ነበር።

እንዲህ ሆነው ግን አልተፈጠሩም። ቀለበት መንገዱ ኤልድህራውን የሚባል የላቫ ሜዳ ያቋርጣል፤ ድንጋዩን እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም የሆነ አረንጓዴ ለምለም ነገር ሸፍኖታል (አትርገጡት፣ እንደገና ለመብቀል ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል)። ያ ላቫ እ.ኤ.አ. በ1783 ላኪ ከሚባል ስንጥቅ የወጣ ነው። ስምንት ወር ፈሰሰ። የአይስላንድን ሕዝብ አንድ አምስተኛ ገደማ የጨረሰው ግን ረሃብ ነው። ከአመዱና ከጋዙ ጋር መርዝ ሣሩ ላይ ወረደ፣ ከበጎቹ 80 በመቶ ያህሉ አለቁ፣ ከዚያ ሰው ተከተለ። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሕይወት አድን ሥራውን ደግሞ ማን የሚሠራ ይመስላችኋል? በጎ ፈቃደኛ ነው፤ መምህር፣ አናጺ፣ ገበሬ። ሰው በረዶ ውስጥ ሲጠፋ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። የገንዘባቸው ትልቁ ክፍል የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ርችት በመሸጥ ነው። እህቴ «ይሄማ እድር ነው» አለች። እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

በነገራችን ላይ እንደኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባት ስም ነው የሚከተለው፤ ፕሬዚዳንቷ ሃላ ቶማስዶቲር ማለት የቶማስ ልጅ ሃላ ማለት ነው። የስልክ ማውጫቸው በራስ ስም ነው የሚደረደረው። እህቴ ስዊድን ውስጥ «ሰርኔምሽ ማነው? የባልሽ ለምን ይለያል? የልጆችሽስ?» ስትባል ዓመታት ስላለፋት፣ ይሄን ስትሰማ እዚሁ እንቅር ብላ ነበር። የመዋኛ ገንዳውን ሥርዓት እስክናይ ድረስ። በየከተማው በምድር ሙቀት የሚሞቅ ገንዳ አለ፤ ከመግባትህ በፊት ግን በጋራ ሻወር ራቁትህን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ የት የት እንደሚታጠብ ግድግዳው ላይ በቀይ ተሥሏል። የእህቴ ባልና እኔ ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ታጠብን። ከዚያ በላይ አልናገርም።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን። ግሪንዳቪክ ላይ እሳት ከመውጣቱ ከአንድ ቀን በፊት፣ ሐምሌ 8፣ ኤርታ አሌ ፈንድቶ ነበር። ሁለቱን ዜና በአንድ ጠዋት ነው ስልኬ ላይ ያየሁት። አይስላንድና አፋር ባሕር ውስጥ መሆን የነበረበት የፕሌቶች ስንጥቅ በየብስ ላይ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች ሁለቱ ናቸው። በዚያው ዓመት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት ምድር ሲናወጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ከዚያ ደግሞ ሃይሊ ጉቢ፣ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ፣ አመዱን እስከ ህንድ ላከ። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ አመድ የለበሰ ሣር ይዞ ቀረ።

አሁን ላኪን አስታውሱልኝ። ሃይሊ ጉቢ ላኪን አያክልም፣ ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። ግን የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ «እሳተ ገሞራ ምን ጉዳት ያደርሳል?» ስለው «ላቫ ያቃጥላል» ነው የሚለኝ። ሣር አይልም፣ ፍየል አይልም፣ ውኃ አይልም። ያንን የሚያውቀው ፍየሏ የታመመችበት ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክፍል የለም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ መሬት ሲያብጥ የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው። ወሬው ሰው ጋ የሚደርስበት መንገድ ግን አፋር ውስጥ ከድሮ ጀምሮ አለ። ዳጉ ይባላል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ሰላሙን በሙሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ የሰማም ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው፣ የማያውቀውን መጨመር ደግሞ ነውር። የአይስላንዱ የስልክ መልእክት ከዚህ በምን ይለያል? መሣሪያው የሚያየውን ዳጉ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው የሚያስፈልገን፤ ለዚህ ደግሞ በየወረዳው ካለ መምህር የተሻለ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ለባልደረባዬ፦ ልጆቹን ይዘን የሄድነው የእሳቱ ባለቤቶች ምድራቸውን በሚያነቡበት ሀገር ነው። ምልክት በሌለበት ስንጥቅ አጠገብ በየቀኑ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ እያለ የእህቴን ልጆች ቅብጠት ነው ማለት አይከብድም?

አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሎጊያ፣ አፍዴራ አካባቢ የምታስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኅዳር 14 ያያችሁትን፣ አመዱ ምን ያህል ውፍረት እንደነበረው፣ ከብቱ ምን እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ በድምፅም ቢሆን በቴሌግራም ላኩልኝ። ለ11ኛ ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ከእሱ እየሠራሁ ነው። ስለ መኪና ኪራይ የጠየቃችሁ የአውሮፓ ወዳጆቼ ደግሞ የአሸዋና የጠጠር ኢንሹራንሱን ግዙ፣ ስንቅ ከሱፐርማርኬት ያዙ፣ ሬስቶራንቱ አይቀመስም።