እንደራሴዎቹ ሲነግዱ

የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ሪቻርድ በር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2020 በ33 ግብይቶች ከ628 ሺሕ እስከ 1.7 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት አክሲዮን ሸጡ። ያን ጊዜ የሴኔቱ የደኅንነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ከስድስት ቀን በፊት ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ አሜሪካ ለወረርሽኝ ከምንጊዜውም በላይ ዝግጁ እንደሆነች ለሕዝቡ አረጋግጠዋል። ከሽያጩ አንድ ሳምንት ቆይቶ በኮሮና ስጋት ገበያው ቁልቁል ወረደ። ሴናተሩ በይፋ የተነገረ ዜና ሰምቼ ነው የሸጥኩት አሉ፤ ምርመራውም ያለ ክስ ተዘጋ።

ሽያጩን ማወቅ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ የኮንግረስ አባላት ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ ግብይታቸውን ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ያዛል። ካፒቶል ትሬድስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች እነዚህን ሪፖርቶች ይለቅማሉ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ኩባንያ እንደገዛ ማንም እንዲያይ ይደረድራሉ። ሥራው ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ሪፖርት በእጅ ተጽፎ ስካን የተደረገ ነው። መጠኑም “ከ15,001 እስከ 50,000” እየተባለ በእርከን ስለሚሞላ ትክክለኛው ገንዘብ አይታወቅም። ላዘገየ ሰው የተለመደው ቅጣት 200 ዶላር ነው፤ ሚሊዮን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ቅጣት አይባልም።

ይህን መረጃ በቀላሉ እንዲፈለግ አድርጎ ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነበር። ሕጉ በወጣ በዓመቱ ግን ሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ ክርክር ያንን ክፍል ሰረዙት፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ፈረሙ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። በስንቱ ጉዳይ የማይስማሙት ሁለት ፓርቲዎች ለዚህኛው አንድ ሆኑ።

ድረ ገጾቹን አመሰግናለሁ፤ አጠቃቀማችን ግን ያሳስበኛል። ብዙ ሰው የሚከታተላቸው እንደራሴውን ለመጠየቅ ሳይሆን እሱ የገዛውን ለመግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዴሞክራቶችንና የሪፐብሊካኖችን ግብይት የሚከተሉ ሁለት ፈንዶች ጭምር ለገበያ ቀርበዋል። መራጩ ከእንደራሴው ጋር አብሮ ማትረፍ ከጀመረ ማን ይቆጣጠራል? ደግሞም የ45 ቀን ወሬ ለገበያ ያረጀ ነው። እንደ እኔ ከሆነ የምክር ቤት አባል በሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ የነጠላ ኩባንያ አክሲዮን መግዛትም መሸጥም የለበትም። ቁጠባውን በሰፊ ፈንድ ያስቀምጥ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 668 የወጣው ግን በ2002 ዓ.ም.፣ ይህ ገበያ ባልነበረበት ዘመን ነው። የባንክ ሕግ የሚያጸድቅ የምክር ቤት አባል በዚያው ሳምንት የባንክ አክሲዮን ቢሸጥ በስንት ቀን፣ ለማን እንደሚያሳውቅ አሁኑኑ፣ ባለድርሻው ሳይበዛ ይደንገግ።