ቦናያን የሚያስታውስ ማን ቀረ?

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ በሚባል ሜዳ ላይ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። አዲስ አበባ ከተያዘች ገና ሁለት ወር አልሞላም፤ ምዕራቡ አገር ግን አልተያዘም ነበር። ከአውሮፕላኖቹ የወረዱት ሰዎች የዚያን ቀን የመጡት ቦምብ ሊጥሉ አልነበረም። ከነቀምቴው ገዥ ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ጋር ተነጋግረው አገሩን ያለ ጦርነት ሊረከቡ ነበር። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ከበቧቸው። ከአርበኞቹ መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ነበሩ። ሲነጋ አውሮፕላኖቹ ተቃጥለዋል፣ 12 ጣሊያኖች ሞተዋል። የተረፉት አንድ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ፣ አባ ቦሬሎ፣ ብቻ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያን የታወቀ ንግግር ያደረጉት ከዚህ ሌሊት ሦስት ቀን በኋላ ነው።

እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ልጆች ስለ ቦናያ ጠይቋቸው። ስለ ዓድዋ ይነግሯችኋል፤ ስለ ማይጨውም ምናልባት። ቦናያን ግን የነቀምቴ ልጅ እንኳ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

የሟቾቹ አገር ሰዎች ግን አልረሱም። ከሞቱት አንዱ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ ነበር፤ በሲሲሊ ደሴት የሚገኘው የኮሚዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ዘመን በእሱ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሌላው አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከገጣሚው ዳኑንዚዮ ጋር ቪየና ድረስ በርረው የቅስቀሳ ወረቀት ከበተኑት አብራሪዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1924 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሞክሮ ባሕር ላይ ወድቆ የአሜሪካ መርከብ ያወጣው ሰው ነበር። ያንን ሁሉ አልፎ ወለጋ ላይ ቀረ። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ደግሞ ኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ሲጥል የቆየበትን ጊዜ መጽሐፍ አድርጎ በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ቢሆን ነው። መጽሐፉ ዛሬም አለ። ከላይ ሆኖ ያየው ሰው ያየውን ጽፏል ማለት ነው፤ እንዴት እንዳየው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከታች ሆነው ያዩትስ? ከቦናያ በኋላ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተመልሰው ነቀምቴን በቦምብ ደብድበዋል። ያን ቀን ከብት ሲጠብቅ የነበረ ልጅ፣ ገበያ የወጣች እናት፣ ሚስዮን ግቢ ውስጥ ፊደል ሲቆጥር የነበረ ተማሪ ምን አየ? የሆለታዎቹ መሪዎች ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ራሳቸው እንዳይነግሩን በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ተረሽነዋል። ደግነቱ ታደሰ ሜጫ ስለ ጥቁር አንበሳ የጻፉት መጽሐፍ በ1943 ዓ.ም. አስመራ ላይ ታትሞልናል። አንድ ሰው ብዕር በማንሳቱ ብቻ ስንት ነገር እንደተረፈ አስቡት። ያላነሱት ግን ይበዛሉ።

ሒሳቡን እንሥራ። በ1928 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ገደማው ነው። በዐይኑ ያየ ሰው በሕይወት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የዚህን ወር ደመወዝ ሳትጠብቁ ሂዱ። ካላገኛችሁ የቀሩት ልጆቻቸው ናቸው፤ «አባቴ እንዲህ ይለን ነበር» የሚሉት። እነሱም ቢሆኑ ሰባና ሰማንያ አልፈዋል።

ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችሁ ልጆችን ይዛችሁ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ትጓዛላችሁ። መንገዱ ሰላም ካልሆነላችሁም ስልክ አለ። እንግዲህ ከአያት ጋር ስትቀመጡ «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ «ክፉ ጊዜ ነበር ልጄ» ነው፤ ከዚያ ዝም ይባላል፣ ቡናው ይቀዳል። ይልቅ «ያኔ ቤታችሁ የት ነበር? አውሮፕላን መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው? ድምፁ ምን ይመስል ነበር? የት ተደበቃችሁ? ማን ተሸክሞ ወሰዳችሁ? ማታ ምን በላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ትልቁ ነገር ከትንሹ ጥያቄ ኋላ ራሱ ይመጣል። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ «ከታላቅ ወንድምዎ ሠርግ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብትሉ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳታፍሩ ደጋግማችሁ ጠይቁ፦ «ይህን አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» አዛውንቶቻችን በዚህ አይቀየሙም። «አየሁ» እና «አሉ» መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ የበለጠ ያውቃሉና። ሁለቱም ይቀረጽ፤ ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይታወቅ።

ስለ ቋንቋው ደግሞ አጥብቄ ልናገር። በወለጋ ይህ ትዝታ የሚኖረው በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ያደጉት የልጅ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት በአማርኛ ነው፤ አካኮም ለልጁ ሲሉ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ሲሻገሩ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀልዱ፣ እርግማኑ፣ የቦታው ስም፣ ሰውየው የጮኸው ቃል። ስለዚህ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፣ እናንተ ባይገባችሁም ቅረጹ። ትርጉሙ ነገም ይደርሳል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንምጣ፤ ወደ ራሳችን አብራሪዎች። የቦናያን ትውልድ አጥተናል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የተዋጉት አብራሪዎች፣ ቦምብ የጫኑት የጦር መሣሪያ ባለሙያዎች፣ ሌሊቱን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደሩት ቴክኒሻኖች ዛሬም በየሠፈራችን አሉ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ዛሬ ከሰባ አልፏል። ምናልባት ቢሾፍቱ የምትኖረው አክስታችሁ ባል ናቸው፤ በየበዓሉ በግ ሲታረድ ቢላዋ የሚስሉት፣ ስለ አየር ኃይል ሲነሳ ፈገግ ብለው ወሬ የሚቀይሩት። ስለ አብራሪዎቹ አልፎ አልፎ ይጻፋል። መሬት ላይ ስለነበሩት ግን ማንም አይጠይቅም፤ የአውሮፕላኑን ክንፍ በእጃቸው የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

ወሬ የሚቀይሩበትም ምክንያት አላቸው፤ ይህን ማለፍ አልፈልግም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ ሐውዜን ላይ ቦምብ የጣሉት የራሳችን አውሮፕላኖች ነበሩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ያን ቀን ከታች ቤተሰቡን ያጣ ሰው አለ፤ በዚያ ዘመን በዚያው ኃይል ውስጥ ያገለገለም የአንዳንዶቻችን አባት ነው። ሁለቱ ምናልባት በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ያውቃሉ። ልጅ አባቱን ሲጠይቅ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ግን ጀብዱ ብቻ ለመስማትም መሄድ የለበትም። «ያልነገሩን ነገር አለ?» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። ዝምታውን አትሙሉት። መልስ ካልመጣ «ሌላ ቀን» በሉ፤ እንባ ከመጣ መቅረጫውን አጥፉና ውኃ አቅርቡ።

ሌሎች ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጓዶቻቸው ከ55 ሺህ በላይ ወጣቶችን አጥተዋል። የተረፉት አርጅተው ማለቅ ሲጀምሩ ሊንከን በተባለች ከተማ ላይ መታሰቢያና የቃል ታሪክ ማኅደር አቋቋሙላቸው፤ ማዕከሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እኔን የገረመኝ ግን መታሰቢያው አይደለም። ማኅደሩ የአብራሪውንና የአልሞ ተኳሹን ድምፅ ብቻ ሳይሆን፣ ቦምቡ የወደቀባቸውን የጀርመንና የጣሊያን ሰዎች ድምፅም አንድ ላይ ማስቀመጡ ነው። አንዱ ሌላውን ሳያስታብል አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቦታ እስኪሠራ ድረስ መደርደሪያው የየቤታችን ነው።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ፦ የእጅ ስልካችሁ መቅረጫ ይበቃል። ሬዲዮውንና ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ማን እንዲሰማውና ማን እንዳይሰማው እንደሚፈልጉም ራሳቸው በድምፃቸው ይናገሩ። ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናገሩበትን ቋንቋ መጀመሪያው ላይ ቅረጹ፤ ስም የሌለው ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቅጂውን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሕፃን ያጠፋዋል። አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። ፎቶ፣ ሜዳልያ፣ የአገልግሎት ደብተር ካለ ጀርባውን ጭምር ፎቶ አንሱ፤ ጽሑፉ ያለው ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው።

ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ ቅጂ ሊቀበሉ ይችሉ እንደሆነ የምትጠይቋቸው ተቋማት አሉ፦ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ወመዘክር የምንለው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ነቀምቴ ላይ ደግሞ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ። ነቀምቴ ከደረሳችሁ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ልጆቹን አስጎብኟቸው፤ በቦናያው ሌሊት የነቀምቴ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ሀብተ ማርያም አባት ናቸው። ከዚያ ስትወጡ በአካባቢው የምታገኟቸውን አንድ አዛውንት ሰላም በሉና ቦናያ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ ይጠይቅ፤ ስልኩንም ልጁ ይያዝ።